የሐረርን የጦር ቅርስ ለማየት ለሚመጡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጀጎል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር ውስጥ እንግዳ ማስጎብኘት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ጅብ ሲመገብ ለማየት ነው። አልቀየምም፤ ጅቡም ቢሆን የከተማው ነዋሪ ነው። ጥቂቶች ግን ሌላ ነገር ይዘው ይመጣሉ፦ የአያታቸውን ዘመቻ፣ የአባታቸውን የካዴትነት ፎቶግራፍ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ስሙን ሲሰሙት የኖሩትን የውጅግራ ጠመንጃ በዓይን የማየት ጉጉት። ይህ ጽሑፍ ለእነሱ ነው። ጥያቄዎቹ የእንግዶቼ ናቸው፤ መልሶቹ የእኔ።

ጎራዴውንና ጠመንጃውን የማየው የት ነው?

ከራስ ተፈሪ ቤት ጀምሩ። ጀጎል መሐል ያለ፣ በእንጨት ሥራው የሕንድ እጅ ያረፈበት ባለ ፎቅ ቤት ነው። ተፈሪ መኮንን ከወይዘሮ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚያ እንዳሳለፉ ይነገራል። ዛሬ ሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም የሚገኘው በዚሁ ቤት ነው። ሙዚየሙ የግል ነው፤ አንድ ሰው ለዓመታት ከየቤቱ እየለመነ፣ እየገዛ፣ እየጠገነ ያሰባሰበው።

ስለዚህ ሰፊ አዳራሽና ታንክ የቆመበት ግቢ ጠብቃችሁ አትምጡ። እዚህ የጦር መሣሪያው ከሙሽራ ጌጥ፣ ከእጅ ጽሑፍ፣ ከአሚሮቹ ሳንቲምና ከድሮ ሙዚቃ ቅጂ ጋር ጎረቤት ነው። አንዳንድ እንግዳ በዚህ ቅር ይለዋል፤ እኔ ግን ትክክለኛ ቦታው ይህ ይመስለኛል። ጎራዴ የሚሰቀለው ሰው በሚኖርበት ቤት ግድግዳ ላይ ነበርና፣ አምባሩና ጎራዴው አንድ ጣሪያ ሥር ቢገኙ ምን ይገርማል?

የቀረው የጦር ታሪክ ውጭ ነው፦ ግንቡ፣ በሮቹ፣ ፈረስ መጋላ ላይ የቆመው የጨለንቆ መታሰቢያ፣ የጦር መቃብሩ። ሙዚየሙን አይታችሁ ግንቡን ሳታዩ ከሄዳችሁ ግማሹን ትታችሁታል።

ከድሬዳዋ እንዴት ልምጣ?

በአውሮፕላንም በባቡርም የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ድሬዳዋ ይወርዳል። ከዚያ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ከተነሣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ ደንገጎን ጠመዝማዛ ሽቅብ ይወጣና በአዴሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ይዘልቃል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በድሬዳዋ ሙቀት የወለቀው ሹራብ ሐረር ላይ ማታ ይፈለጋል።

በመኪና ከአዲስ አበባ የምትመጡ ከሆነ በጨለንቆና በቁልቢ በኩል ነው የምታልፉት። ጨለንቆ ላይ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን ቁሙ። ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

የትኛው ቀንና ሰዓት ይሻላል?

ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ። ዓርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሰዓት ነው፤ ከተማው ለጸሎት ስለሚቆም ያን ቀን ጉብኝታችሁን ከአምስት ሰዓት በፊት ጨርሱ። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ደግሞ የበርጫ ነው፤ በር የሚከፍተውም፣ ትኬት የሚቆርጠውም፣ የሚያስረዳውም ሰው ሁሉ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በማለዳ የመጣ እንግዳ ብዙ ይነገረዋል። የከሰዓት እንግዳ ግን መብራት አብርቶ ራሱ ያያል።

በመውሊድና በረመዳን የሚመጣ ሰው ከአንድ ቀን በፊት ይጠይቅ። ለመግቢያ ዝርዝር ብር ያዙ።

ስንት ሰዓት ይበቃኛል?

ለሙዚየሙ ሁለት ሰዓት፣ ለግንቡና ለበሮቹ ግማሽ ቀን።

ከመሣሪያዎቹ ፊት ስቆም ምኑን ልይ? ሁሉም አንድ ይመስሉኛል።

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው "ይህ ጠመንጃ ይተኩሳል?" ብሎ ነው፤ መልሱ አጭርና አሰልቺ ነው። "ይህ ነገር በየት በኩል እዚህ ደረሰ?" ብሎ ለሚጠይቅ ግን ከተማው ራሱ ይገለጥለታል።

ከጎራዴው እንጀምር። ምላጩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። በምኒልክና ከዚያ በኋላ በነበረው ዘመን ከነበሩት ጎራዴዎች ብዙዎቹ ምላጫቸው የተሠራው ጀርመን አገር፣ ዞሊንገን በምትባለው የብረት ሠሪዎች ከተማ ነው። አንበሳውና "ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" የሚለው ጽሑፍ ለአገራችን ገበያ ተብሎ እዚያው የተቀረጸባቸው አሉ። እጀታው ግን የእኛ አገር እጅ ሥራ ነው፤ የጥንቱ ባለማዕረግ ከአውራሪስ ቀንድ ያሠራው ነበር። አፎቱን ደግሞ ቆዳ ሠሪው ያለብሰዋል። አንድ ጎራዴ የሁለት አገርና የሦስት ባለሙያ ላብ አለበት ማለት ነው። ሌላም ልብ በሉ፦ የእኛ ሰው ጎራዴውን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነው። በግራ የታጠቀ አርበኛ በሥዕል ካያችሁ ሠዓሊውን ጠርጥሩት።

ጋሻው የበለጠ ያጫውታል። የደገኛው ጋሻ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራ፣ ጀግንነቱ ለታወቀ ሰው በብር የሚለበጥ ነው። የሶማሌው አነስ ያለና ክብ፣ ብዙ ጊዜም ከሳላ ቆዳ የሚሠራ ነው። በአማርኛ ጋሻ፣ በኦሮምኛ ጋቸና፣ በሶማልኛ ጋሻን። ባለጋሻዎቹ ስንት ጊዜ ተፋልመዋል፤ ስሙን ግን እንደ ጎረቤት ተካፍለውታል። ሐረር የሦስቱም መገናኛ ገበያ ስለነበረች ሦስቱንም ዓይነት ጋሻ አንድ ግድግዳ ላይ ለማየት ከዚህ የተሻለ ከተማ አላውቅም።

ጠመንጃው የስም ጉድ ነው። አባቶቻችን የፈረንጁን ስም በጆሯቸው ሰምተው በራሳቸው ምላስ አንጥረው አስቀርተውታል። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዮቹ የ1874 እ.ኤ.አ. ሞዴል ግራስ ነው፤ በፈረንሳይኛ "ፉዚ ግራ" ሲሉት እኛ ጋ ውጅግራ ሆነ። አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ ይተፋል፤ ተኳሹ እንደገና እስኪያጎርሰው ጠላት ሃያ እርምጃ ይቀርባል። ለበን ለቤል ነው፤ ምንሽር ማንሊከር፣ ሰናድር ስናይደር፣ አልቢን አልቢኒ። ቤልጅግ የቤልጅየሙ ማውዘር ነው። መትረየስም ቢሆን ከፈረንሳይኛው ሚትራዬዝ የመጣ ነው። ረሚንግተን ካያችሁ ወሬው ወደ ግብፅ ይወስዳችኋል፦ የግብፅ ጦር ዋና ጠመንጃ እሱ ነበር፤ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ሲሸነፍ ብዙው በአጼ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ገባ። በዚያው ዓመት ሌላው የግብፅ ጦር በረኡፍ ፓሻ መሪነት ሐረርን ይዞ ነበር፤ እስከ 1877 ዓ.ም. ድረስም ተቀምጦባታል።

ጠመንጃው ላይ ሰደፉን፣ ቃታውንና አፈሙዙን ካያችሁ በኋላ ብረቱ ላይ የተመታውን ማኅተም ፈልጉ። የፋብሪካው ስምና ዓመቱ ብዙ ጊዜ ቃታው አካባቢ ይገኛል። አስረጂው "ይህ የአድዋ ነው" ብሏችሁ ማኅተሙ 1920 እ.ኤ.አ. ካለ፣ በፈገግታ እለፉት።

በመግለጫዎቹ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ለምን ይምታታል?

ሐረር ሦስት የዘመን አቆጣጠር የምትጠቀም ከተማ ስለሆነች ነው። የድሮው የእጅ ጽሑፍና ሳንቲም በሂጅራ ተቆጥሯል፤ ሰነዱና ማኅተሙ በእኛው፣ ከውጭ የመጣው ዕቃ በፈረንጅ። ለምሳሌ የጨለንቆ ጦርነት አንዱ ላይ 1879፣ ሌላው ላይ 1887፣ ሦስተኛው ላይ 1304 ተብሎ ሊገኝ ይችላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ "እ.ኤ.አ." ካላልኩ የእኛው ነው።

ጨለንቆ የማን ድል ነው?

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ።

ግብፆች ከወጡ በኋላ ከተማዋን የያዙት አሚር አብዱላሂ ነበሩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መጀመሪያ የላኩት ጦር ሒርና ላይ ሰፍሮ ሳለ የአሚሩ ሰዎች በሌሊት ደርሰው ርችት ተኮሱበት። ከዚያ በፊት ርችት አይቶ የማያውቀው ሠራዊት ሰማይ የተቀደደ መስሎት ሸሸ። ርችት የጦር መሣሪያ ሆኖ ያሸነፈበት ይህ ታሪክ በየትኛውም ሙዚየም መስታወት ውስጥ የለም፤ ርችት ምን ትቶ ይሄዳል? ከዚያ በኋላ ምኒልክ ራሳቸው ዘመቱ። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ ተገናኙ፤ ውጊያው ረጅም አልነበረም፣ የአሚሩ ጦር ተፈታ። ከተማዋ ተያዘች፣ ደጃዝማች መኮንንም ገዥ ሆነው ተሾሙ። ኋላ ራስ የተባሉት ናቸው።

ከሙዚየሙ ስትወጡ የሐረሪ ቤት የሚያስጎበኝ ሰው ካገኛችሁ ግቡ። መደቡ ደረጃ በደረጃ ሆኖ በቀይ አፈር ተለቅልቆ ታያላችሁ። ቀይ የሆነው ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ እንዲሆን ነው ይባላል። ማለትም ያ ጦርነት እዚህ ከተማ ውስጥ በየሳሎኑ ተቀምጦ ቡና ይጠጣበታል።

የዛሬ ስንት ዓመት ከሩቅ የመጡ አንድ ጎልማሳ ጎራዴ ፊት ቆመው "የእኛ ሰዎች በዚህ ነው ያሸነፉት" አሉ። አጠገባቸው የቆሙ አንድ የሐረሪ አዛውንት ድምፃቸውን ሳያነሡ "የእኛም ሰዎች እዚያው ነበሩ፣ ልጄ" አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን ከሁለቱም ይበልጥ አፈርኩ፤ ያን "የእኛ" የምትል ቃል ለጎልማሳው ያስለመድኩት ከግማሽ ሰዓት በፊት እኔው ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በጉብኝት ላይ "እኛ" አልልም፤ "የአሚሩ ጦር፣ የንጉሡ ጦር" እላለሁ። እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ ሰዉ ብዙ ያጫውታችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጨለንቆ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተሰለፉት መካከል የራስ መኮንን የሐረር ጦር አንዱ ነበር፤ ከዚያ በፊት አምባላጌና መቀሌም ነበረ። ከጅቡቲ በኩል የሚገባው ጠመንጃም በሐረር በኩል ነበር የሚያልፈው። ስለዚህ "ሐረር ተሸናፊ ናት ወይስ አሸናፊ?" ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ መልሴ "የየትኛውን ዓመት ሐረር?" የሚል ነው።

በግንቡ ሥር ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች የመተኮሻ ናቸው?

እኔም ለዓመታት "አዎ፣ የተኳሽ ቀዳዳ ናቸው" እያልኩ አስጎበኝ ነበር፤ እንግዳውም አጎንብሶ ዓይኑን ያሾልቅ ነበር። አንድ ቀን ደጃፋቸው ላይ ቅመም የሚያሰጡ እናት ሰምተውኝ እስኪያነቡ ሳቁብኝ። ወራባ ኑዱል ይባላሉ፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ጅብ ሌሊት ገብቶ ከተማውን አጽድቶ በዚያው ይወጣል። የዝናብ ውኃም ይወርድባቸዋል።

ግንቡ ራሱ ግን ለጦርነት የተሠራ ነው። ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 16ኛው ምዕተ ዓመት። የኢማም አሕመድ ባለቤት የነበሩት ባቲ ድል ወንበራ የባላቸውን ደም ለሚመልስ ሰው እንደሚዳሩ ቃል ገብተው አሚር ኑር እንዳገቧቸው ይተረካል። አሚሩም በ1559 እ.ኤ.አ. አጼ ገላውዴዎስን በጦርነት ገድለዋል። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ቢጠጋም በእግር ለመዞር የዘገየ ሰው ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ በየበሩ የሚያስቆም ነገር አለና። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው። መኪና የሚገባበት ስድስተኛው ኋላ የተከፈተ ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ገጣሚው ራምቦ ጠመንጃ ይሸጥ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አርተር ራምቦ ከ1880 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ እየመጣ እየሄደ ሐረር ውስጥ በንግድ ኖሯል፤ ቡናና ቆዳ ዋናው ሥራው ነበር። ኋላ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ ወረደ፤ እንጦጦ ሲደርስ ንጉሡ የሉም፤ ሐረርን ሊይዙ ዘምተው ነበር። ሒሳቡም እንዳሰበው አልሆነለትም። የራምቦ ቤት ተብሎ የሚጎበኘው ያማረ ቤት ግን የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ገጣሚው ኖሮበታል ብዬ አልምልላችሁም። የድሮ ሐረር ፎቶግራፎች ስላሉበት ግቡ፤ የዘመኑን ሰው አለባበስና ትጥቅ በዓይን ለማየት ከመስታወቱ ጎራዴ ይልቅ ፎቶግራፍ ይሻላል።

የጣሊያን ጦርነት ምልክት የት ይታያል?

ጦርነቱ የተጫረው በዚህ አቅጣጫ ነው፤ ወልወል ላይ፣ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም.። የኦጋዴን ግንባር አዛዥ ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ነበሩ፤ ቆራሄ ላይ ቆስለው የሞቱት አፈወርቅ ወልደ ሰማያትም የዚሁ ግንባር ሰው ናቸው። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሐረር በአውሮፕላን ተደበደበች። ሚያዝያ 30 የግራዚያኒ ጦር ገባባት።

የመልሱ ጉዞ በዚያው መንገድ ነበር። በ1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ሥር የነበረው የናይጄሪያ ብርጌድ ከጅግጅጋ ተነሥቶ የማርዳ ተራራ በርን ሰብሮ፣ በባቢሌና በቢሲዲሞ አልፎ፣ መጋቢት 17 ቀን ሐረር ደረሰ። ከሦስት ቀን በኋላ ደቡብ አፍሪካውያን ድሬዳዋ ገቡ፤ ቀኑ መጋቢት 20 ነበር፣ ሐረር በተደበደበች ልክ በአምስት ዓመቷ።

በሐረርም በድሬዳዋም የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር አለ። ንጹሕና ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ስሙን፣ የክፍለ ጦሩን ምልክትና ቀኑን እያነበባችሁ ተራመዱ። ከካኖ ወይም ከኢባዳን ተነሥቶ ባቢሌ ኮረብታ ላይ የወደቀ ወጣት መኖሩን ብዙ ኢትዮጵያዊ አያውቅም፤ እኔም ድንጋዩን እስካይ አላውቅም ነበር። መቃብሩ ላይ መቀመጥ፣ መብላትና መጮህ ነውር ነው፤ መቼም ይህን መናገር አይኖርብኝም፣ ግን አንዳንድ ቀን ያስፈልጋል።

አባቴ የካራማራ ዘማች ነው። ቦታውን ማየት እችላለሁ?

ካራማራ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጅግጅጋ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር የሚገኝ የተራራ መተላለፊያ በር ነው። ከሐረር ጅግጅጋ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በጠዋት ተነሥታችሁ በዚያው ቀን ትመለሳላችሁ። የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣታችሁ በፊት ሾፌር ጠይቁ፤ መታወቂያ አትርሱ። ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ግዙ፣ ከዚያ በድንጋዮቹ መካከል የሚያልፈውን ሸለቆ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ።

የሚገርመኝ ነገር አለ፦ በ1933 ዓ.ም. ናይጄሪያውያን የሰበሩት ማርዳና በ1970 ዓ.ም. የተዋጉበት ካራማራ አንድ ተራራ ነው። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ሲገባ ነሐሴ 11 ቀን ድሬዳዋ ተጠቃች፤ ከተማዋም የአየር ኃይሉም ጣቢያ ተረፉ። በመስከረም መጀመሪያ ጅግጅጋ ተያዘች፤ ጦሩ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ሐረር ወረደ፤ ለወራትም አስጨነቃት። ጥር 14 ቀን 1970 ዓ.ም. የተሰነዘረው ጥቃት ተመልሶ ተመታ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ፦ የኩባ ወታደሮች ከጎን ተሰልፈው፣ በተራራው ጀርባ በሄሊኮፕተር ጭምር ጦር ወርዶ፣ የካቲት 26 ጅግጅጋ ተመለሰች።

ዘማች አባት ወይም አያት ካላችሁ አብራችሁ አምጧቸው፤ ካልቻሉ ከመምጣታችሁ በፊት ጠይቋቸው። የክፍለ ጦሩን ስም፣ የቦታውን ስም፣ የበሉትን ነገር ሁሉ ጻፉት። ተራራው ላይ ስትቆሙ የምታዩት ድንጋይና ቁጥቋጦ ነው፤ የሚናገረው በኪሳችሁ የያዛችሁት ወረቀት ነው። ከጅግጅጋ ማዶ ላሉ ቤተሰቦችም ያ ዓመት የሐዘን ዓመት መሆኑን አትርሱ፤ የሾፌራችሁ አጎት በየትኛው ወገን እንደነበረ አታውቁም።

አባታቸው በሐረር ጦር አካዳሚ የተማሩ እንግዶችም ይመጣሉ። አካዳሚው በ1950 ዓ.ም. ሕንዳውያን መኮንኖች እያስተማሩበት ተከፍቶ እስከ 1969 ዓ.ም. የዘለቀ ነው። ፎቶግራፉን ስታሳዩኝ የስንተኛ ኮርስ እንደሆኑ ንገሩኝ፤ ከተማው ውስጥ ኮርሱን ሰምቶ ስም የሚጠራ ሽማግሌ አሁንም አይጠፋም።

ፎቶግራፍ ማንሣት ይፈቀዳል?

ሙዚየም ውስጥ ጠይቁ፤ ፍላሽ አጥፉ። ውጭ ደግሞ ካሜራችሁን ከማንኛውም ካምፕ፣ ከወታደር፣ ከኬላ አርቁ። ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ኃይል ጎረቤት ስለሆነ በመስኮት በኩል እንኳ አትሞክሩ። "የታሪክ ተመራማሪ ነኝ" የሚለው ማስረጃ ኬላ ላይ አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ። ሦስት ሰዓት ተቀምጬ ሻይ ተጋብዤ ነው የወጣሁት።

ልጆች ይዤ ብመጣስ?

ይምጡ። አይንኩ ብቻ። የእጅ ላብ ብረት ያዝጋል፤ ይህን ለልጅ ስትነግሩት ይገባዋል፤ አዋቂው ነው የማይገባው።

ከአያቴ የቀረ ጠመንጃና ኒሻን አለ። ለሙዚየም መስጠት እችላለሁ?

ኒሻን፣ የደንብ ልብስ፣ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ከሆነ ደስ ይላል፤ ግን ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ኒሻኑን በአመድ ወይም በሎሚ አታጽዱት፤ ያ ጥቁረት ዕድሜው ነው። ሁለተኛ፣ ማን እንደተሸለመው፣ የት እንደዘመተ፣ እንዴት እናንተ ጋ እንደደረሰ በአንድ ገጽ ጻፉና ፈርሙበት። ታሪክ የሌለው ኒሻን የቆርቆሮ ቁራጭ ነው። የርክክብ ወረቀት ሳትቀበሉም አትሂዱ፤ አንድ ጊዜ የአጎቴን ዝናር ለአንድ መሥሪያ ቤት በቃል አስረክቤ እስከ ዛሬ የት እንዳለ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ጠመንጃው ሌላ ነገር ነው። አሮጌ ቢሆንም መሣሪያ መሣሪያ ነው፤ ስለ ጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር የወጣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። በሻንጣ ጠቅልላችሁ ሚኒባስ ላይ ከመጫናችሁ በፊት በምትኖሩበት አካባቢ ፖሊስ አማክሩ። በእርሻ ወይም በገደል ውስጥ የተገኘ ቦምብና ጥይት ከሆነማ ጭራሽ አትንኩት፤ ቦታውን ምልክት አድርጉና ለፖሊስ ተናገሩ። አርባ ዓመት የዛገ ፈንጂ አርባ ዓመት የተኛ እባብ ነው።

ገበያ ላይ "ጥንታዊ ጎራዴ ነው" ብለው ቢያቀርቡልኝ ልግዛ?

አትግዙ። አብዛኛው ጥንታዊ የሚባለው ባለፈው ክረምት ጓሮ ተቀብሮ የዛገ ነው። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር ሊወጣ አይችልም፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይም ይያዛል። ማስታወሻ ከፈለጋችሁ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ካሉት ልብስ ሰፊዎች አንድ ነገር አሰፉ፤ ቁጭ ብላችሁ እየጠበቃችሁ ያልቃል።

አስጎብኚ የግድ ነው?

ለሙዚየሙ አይደለም፤ ለጀጎል ግን 368 መተላለፊያ አለ ይባላል፤ ቁጥሩን የተጠራጠረ ሰው ሁሉ ጠፍቶ ሳገኘው ዝም ይላል። ፈቃድ ያለውን ያዙ፤ ዋጋ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ወራባ ኑዱል ምን እንደሆነና ጨለንቆ ላይ ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ። ሁለተኛውን በ"እኛ" ከጀመረላችሁ ሌላ ፈልጉ።